በአንጎል ግንድ ላይ ያረፈች ወፍ

የትነበርሽ ትምህርት ያቆመችው ከአምስተኛ ክፍል ነው። ለምን እንዳቆመች የሚጠይቃት ሰው ሲገኝ «ቀረሁ» ትላለች፤ ሌላ ማብራሪያ የላትም። አንድ ክረምት እናቷ ታመሙ፣ መስከረም ሲጠባ ደብተር አልተገዛም፣ ወንበሯ ላይ ሌላ ልጅ ተቀመጠች፤ በቃ። ያኔ ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ ቤተ እስራኤሎቹ ገና አልሄዱም ነበርና ጎረቤታቸው እማማ ፈንታዬ «እጅሽ ሥራ ፈትቶ ከሚውል ነይ ጭቃ ርገጪልኝ» አሏት። ሄዳ ረገጠች። ከዚያ ማድጋ፣ ከዚያ ድስት፣ ከዚያ ደግሞ ለቱሪስት የሚሸጡትን ጣት የሚያክሉ ሰዎችና አንበሶች መሥራት ለመደች። እማማ ፈንታዬ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ሸክላ የሚያለሰልሱበትን ጥቁር ጠጠር መዳፏ ላይ አስቀመጡላትና «በይ እንግዲህ» አሉ። እነሆ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው። ጠጠሩም አለ፣ እሷም አለች። ቱሪስቱ ግን ሲመጣ ሲቀር ቆይቶ አሁን አሁን ጭራሽ ጠፍቷል።

ባሏ ሰውአገኝ የመናኸሪያ ሰው ነው። መጀመሪያ በአዲ አርቃይ መስመር የአውቶቡስ ረዳት ነበር፤ ጉልበቱ ደከም ሲል ጎንደር መናኸሪያ ውስጥ ቆሞ ለኮላ ድባ መኪኖች ሰው መጥራት ያዘ። ድምፁን የማያውቅ ነጋዴ አልነበረም። በመንገዱ ላይ ያለችውን አዘዞን በአጭሩ ይወረውራታል፣ ኮላን ወደ ላይ እየሳበ ያስረዝማታል፣ ድባን ከላይ መሬት ላይ ጥሎ ይሰብራታል። ከዚያ ጅራቱ ይከተላል፦ «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» መኪናው ባዶውን ቆሞ እንኳ ለሰውአገኝ የሚቀረው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው። በዚህ ብዙ ተሳፋሪ ተቆጥቶበታል፤ ብዙውም ስቆ ገብቷል። ሌላ ሰው ያን ጥሪ አበላሽቶ ሲጠራ ከሰማ ደግሞ ምሳውን ትቶ ተነሥቶ ያርማል። እንግዲህ ይሄ ሥራው ነበር እንጂ ማንም ዘፈን ነው ብሎት አያውቅም።

ባለፈው ኅዳር አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀኝ እጁ ማሰሪያውን አልይዝ አለው። የትነበርሽን ሊጠራ ቀና ሲል አፉ ተጣሟል። ሆስፒታል ሲደርሱ ቀኝ እግሩም ሰንፎ ነበር። ሐኪሙ የጭንቅላቱን ፎቶ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና «የተጎዳው የግራው አንጎል ነው» አላት። የትነበርሽ የባሏን የሞተ እጅ አየች፤ ቀኝ ነው። እንደገና አየች፤ ቀኝ ነው። ተሳስቷል፣ አለች በሆዷ። ልትናገር አፏን ከፈተች። ሐኪሙ ነጭ ጋዋን ለብሷል፣ የእሷ ጥፍር ውስጥ ጭቃ አለ። «እሺ» አለችና አፏን ዘጋች።

ስድስት ወር ሙሉ ያቺ «እሺ» ደረቷ ላይ እንደ ወፍጮ መጅ ተቀምጣ ከረመች። የማይሆነውን ጎን ሲያክሙት ዝም ብላ ያየች እሷ ናት። ያኔ ብትናገር ኖሮ፣ እያለች፣ ጭቃ ስትረግጥ፣ ውሃ ስትቀዳ፣ ባሏን ስታጥብ። ለማንም አልነገረችም።

ሰውአገኝ ጠበሉም መድኃኒቱም ተሞክሮለት ትንሽ ትንሽ መራመድ ጀመረ፤ ቃል ግን የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ «ቆይ»። ሲርበው ቆይ፣ ሲጠማው ቆይ፣ እሺ ለማለትም ቆይ፣ እንቢ ለማለትም ቆይ። ጠያቂ ሲመጣ ከእሱ ጋር ማውራት ይቸግረዋል፤ ሊቀመጥ የመጣው ሰው ቆይ ሲባል ቶሎ ይሄዳል። የትነበርሽ ሬዲዮውን ዘጋች፤ ሌላው ሲናገር ሰምቶ እንዳይከፋው ብላ ነው። እሷም ጭቃ ስትረግጥ ማንጎራጎሯን ተወች። ቤቱ ጸጥ አለ።

ለፋሲካ ታላቅ ወንድሙ አያ ክንዱ ከኮላ ድባ መጡ። ደግ ገበሬ ናቸው፤ ክፋት የለባቸውም። ሰውአገኝን ትክ ብለው ሲያዩት ዋሉና ማታ ሳይደርስ ተናገሩ።

«የትነበርሽ፣ እውነቱን እንነጋገር። ይሄ ሰው ልቡ የለም። ቀፎው ነው የቀረ። አንቺም አለቅሽ። እኔ ዘንድ ሰው አለ፣ ከብት አለ፣ ሜዳ አለ። ከግንቦት ልደታ በኋላ ያለው ቅዳሜ መጥቼ እወስደዋለሁ፤ እዚያው ይኑር። አንቺም ትንሽ ትንፋሽ ታገኛለሽ።»

«እሺ አያ» አለች። እሺ ስትል በመጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነው። ደክሟት ነበር። ቀጥሎ ያ እፎይታ አሳፈራት። ዞር ብላ ስታይ ሰውአገኝ ዓይኑን እሷ ላይ ተክሏል። ገብቶት ይሁን አይሁን፣ እሱን ነበር ማወቅ የፈለገችው። «ቆይ» አለ እሱ።

እንዲህ ባለው ጊዜ ነው አንድ ቀጭን ወጣት ባጃጅ በር ላይ አስቁሞ የገባው።

«ማንያዘዋል እባላለሁ። ከተማው ኮሌጅ ሥነ ልቡና አስተምራለሁ።»

«ማን ያዘዋል? ማንን?» አለች የትነበርሽ፤ ጥያቄ መስሏት።

ወጣቱ ሳቀ። «እሱኑ ነው የማስተምረው፣ እትዬ! እጅን ማን ያዘዋል? እግርን ማን ያዘዋል? አዛዡ አንጎል ነው። ግን ለተማሪዎቼ የማሳየው አንጎል የለኝም። ከፕላስቲክ የተሠራ ነበር የጠየቅኩት፤ እስካሁን አልመጣም። እርስዎ ከሸክላ ይሠሩልኛል?»

የትነበርሽ በሕይወቷ ብዙ ነገር ታዝዛለች፤ አንጎል ግን ሲታዘዝ የመጀመሪያው ነው። «መልኩን ካሳዩኝ እሠራለሁ፣ መምህር» አለች። ልጇ ሊሆን የሚችለውን ወጣት እርስዎ ማለቷ ነው። ኮሌጅ የሚለውን ቃል ስትሰማ ምላሷ ራሱ ይጎነበሳል።

አንድ ወረቀት ሰጣት። ከላይ የታየ አንጎል ነው፤ መሀሉ ተሰንጥቆ ሁለት እኩል ሆኗል፣ ላዩ ተጨማዷል። የቀረውን ባጃጁ ጥሩምባ እየነፋበት በቃል አስጻፋት። ደብተር ስላልነበራት በከሰል ግድግዳው ላይ ጻፈችው፤ ፊደሏ ትልልቅ ነው፦

ትልቁ አንጎል።
ትንሹ አንጎል።
የአንጎል ግንድ።
አንድ ሙሉ ሰው። ከግራ አንጎል ወደ ቀኝ እጅ ቀይ ክር። ከቀኝ አንጎል ወደ ግራ እጅ ሰማያዊ ክር።

«ክሩ ነርቭ ነው፣ ትእዛዙን የሚያደርሰው» አለ መምህሩ ወደ ባጃጁ እየሮጠ። «ሐሙስ ሳምንት እመጣለሁ!»

የትነበርሽ ሥራ ያዘች። ትልቁን አንጎል ሁለት ቀን ፈጀችበት። የበዓል በግ ጭንቅላት ስትፈልጥ ናላውን ታውቀዋለችና ጭምድዱ አልከበዳትም፤ ጭቃውን እንደ ትል እያድበለበለች አጣጠፈችው፣ በእማማ ፈንታዬ ጠጠር አለሰለሰችው። ትንሹን አንጎል ልክ እንደ ትልቁ አድርጋ፣ ስንጥቁም ጭምድዱም ሳይጎድል፣ ሎሚ አሳክላ ሠራችው። ከትልቁ ጎን ስታስቀምጠው ከእናቱ አጠገብ የተኛ ጥጃ መሰላት። ደስ አላት።

የጎረቤቷ የእታገኘሁ ራስ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። እታገኘሁ በርበሬ ነጋዴ ናት፤ ምላሷም ከሸቀጧ አይለይም።

«ምንድን ነው ይሄ አንቺ? የበግ ናላ?»

«የሰው ነው።»

«የማን?»

«የኮሌጅ።»

«እና ትንሹስ?»

«ልጁ መሰለኝ።»

«አንጎል ይወልዳል እንዴ!»

«እኔ ምን አውቄ። የተማረ ሲሆን ይወልድ ይሆናል። ግድግዳው ላይ ትንሹ አንጎል ይላል፣ ሠራሁ።»

«ይሄ ደግሞ እንጨት ነው?»

«ግንድ ነው። የአንጎል ግንድ።»

እታገኘሁ አንገቷን አስግጋ አየችው። ግንዱ ያማረ ግንድ ነበር። የትነበርሽ ቅርፊቱን በጥፍሯ ጫጭራ፣ ቅርንጫፉ የተቆረጠበትን ቋጠሮ ሳይቀር አውጥታዋለች። ጨርሳ ስታየው ግን ባዶውን መጋደሙ አሳዘናት፤ የተራረፈች ጭቃ አነሣችና ጣት የማታክል ወፍ ሠርታ ጫፉ ላይ አሳረፈችበት። ማንም አላዘዛትም።

ማክሰኞ ሸክላዎቹ እሳት ገብተው ወጡ፤ የቀረው ክሩ ነው። ሙሉውን ሰው በትልቁ አንጎል ሥር አቆመችና ግድግዳውን አነበበች። ከግራ አንጎል ወደ ቀኝ እጅ። ቆም አለች። ያ ሐኪም ትዝ አላት። እነዚህን የተማሩ ሰዎች ግራና ቀኛቸውን ምን ነካባቸው? አሁንስ ዝም አልልም፣ አለች። ልጁ ቸኩሎ አሳስቶ ተናግሮ ተማሪ ፊት እንዳያፍር ብላ ቀዩን ክር ከቀኝ ወደ ቀኝ፣ ሰማያዊውን ከግራ ወደ ግራ ቀጥ አድርጋ ዘረጋችው። በሕይወቷ የተማረ ሰው ስታርም የመጀመሪያዋ ነበር።

ሐሙስ መምህር ማንያዘዋል መጣ። የትነበርሽ ሥራዋን በነጭ ጨርቅ ላይ ደርድራ ጠበቀችው። ሰውአገኝ በሩ ላይ ወንበሩን ይዞ ተቀምጧል።

መምህሩ ትልቁን አንጎል አንሥቶ «እንዴት ያለ እጅ ነው!» አለ። ትንሹን አነሣ። ገለበጠው። ትልቁን አየ፣ ትንሹን አየ። ከዚያ ዓይኑ ግንዱ ላይ፣ ወፏ ላይ ዐረፈ። መጀመሪያ ሳሉ የመጣበት መሰለ። ቀጥሎ ጨርቁ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

የትነበርሽ ፊቷ ተቃጠለ። የአምስተኛ ክፍል ወንበሯ ላይ እንደገና የተቀመጠች መሰላት። ጨርቁን መጠቅለል ጀመረች።

«አይ፣ አይ እትዬ የትነበርሽ! ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ መምህሩ እንባውን እየጠረገ። «ጥፋቱ የኔ ነው። የጻፉት ልክ ነው፣ የሠሩትም የጻፉትን ነው። ስም ያወጡት ሰዎች ናቸው የበደሉን። ትንሹ አንጎል ትንሽዬ አንጎል ማለት አይደለም። የራሱ መልክ ያለው ክፍል ነው። እዚህ ነው ያለው» ብሎ ማጅራቱን ከፍ አድርጎ ነካ። «ከትልቁ ሥር፣ ከኋላ። ማድጋ ተሸክመው ዳገት ሲወጡ የማይወድቁት በእሱ ነው፤ ሚዛን ይጠብቃል። ግንዱ ደግሞ አንጎሉ የሚቆምበት ነው፤ ትንፋሽዎን ሳያስቡት የሚያስተነፍስዎት። ከሱ ሥር ህብለ ሰረሰር በአከርካሪዎ ውስጥ ይወርዳል፣ ከዚያ ነርቮች ወደ እጅ ወደ እግር ይበተናሉ።»

«ታዲያ ቅርፊት የለውም?»

«ቅርፊት የለውም።»

«ወፍም።»

«ወፍም የለውም» አለና እንደገና ሳቁ መጣበት፤ በዚህኛው ግን የትነበርሽንም ሳቅ አመለጣት። ከአጥሩ ወዲያ የእታገኘሁ ድምፅ «ያንዳንዱ ሰው ሳይኖረው አይቀርም!» አለ።

መምህሩ ወደ ክሮቹ ዞረ። «እነዚህ ግን ተቀያይረዋል።»

የትነበርሽ ቀና አለች። ይሄን ተዘጋጅታበታለች። «አላበላሸሁም፣ መምህር። አርሜልዎ ነው። ግራን ከቀኝ አገናኝተው ነበር ያስጻፉኝ።»

«እንደሱ ነው እኮ።»

«ምኑ?»

«የግራው አንጎል የሚያዘው የቀኙን እጅ ነው። የቀኙ የግራውን። ክሮቹ ከላይ ሲወርዱ እዚህ ግንዱ ላይ ሲደርሱ ይሻገራሉ። አዘዞን አያውቋትም? ከአንዱ አቅጣጫ የመጣው መኪና መገንጠያው ላይ ወደ ሌላው እንደሚታጠፈው። አብዛኛው መንገድ እንደዚያ ተሻግሮ ነው የሚወርደው፤ የእርስዎም፣ የኔም፣ የሁሉም ሰው።»

የትነበርሽ ጠጠሯን መሬት ላይ አስቀመጠች። ወደ ሰውአገኝ አየች፣ ወደ ቀኝ እጁ።

«መምህር» አለች ቀስ ብላ፤ «አንድ ሰው ቀኝ ጎኑ ቢሰንፍ… ሐኪሙ የግራው አንጎል ነው ቢል…»

«ልክ ነው ያለው። ምላሱም ከተያዘ ጭራሽ ልክ ነው። የአብዛኛው ሰው ንግግር በግራው በኩል ነው ያለው።»

«አልተሳሳተማ?»

«ማን?»

«ሐኪሙ። እኔ ዝም ስላልኩ አይደለማ?»

መምህሩ አሁን ገባው። በር ላይ የተቀመጠውን ሰው አየ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ ሐኪሙ አልተሳሳተም። እርስዎ የሚናገሩት ምንም አልነበረም።»

የትነበርሽ መሬቱ ላይ እንዳለች እግሯን ዘረጋች። ስድስት ወር የተሸከመችው መጅ ከደረቷ ወርዶ ሲንከባለል የሰማችው መሰላት። መሳቅ ጀመረች። ስትስቅ ነጠላዋ ከራሷ ወደቀ፣ አላነሣችውም። ሰውአገኝ በመገረም «ቆይ» አላት።

«ቆይቻለሁ!» አለችው። «ስድስት ወር ቆይቻለሁ፣ አንተ ሰውዬ!»

ሳቋ ሲበርድ የቀረውን ጠየቀች፤ ዋናውን። እርስዎ ማለቱንም በዚያው ረሳችው። «እስቲ ንገረኝ ልጄ። ልቡስ አለ? ወንድሙ ቀፎው ነው የቀረ አለኝ። ከነገ ወዲያ ሊወስደው ነው። የምንለው ይገባዋል?»

ማንያዘዋል ጭንቅላቱን አከከ። «እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ መጽሐፍ ላይ ያለውን ነው የማውቀው። መናገርና መረዳት አንድ ቦታ አይደሉም፤ አንዱ ሲጎዳ ሌላው ሊተርፍ ይችላል። ሌላም አለ፤ ቃል የጠፋበት ሰው አንዳንዴ ዜማ ይተርፈዋል። መናገር እያቃተው ሲዘፍን ቃሉ ይወጣለታል። አለዚያም በየቀኑ ሲለው የኖረ ነገር፣ ጸሎት፣ ቆጠራ። ሁሉም ሰው አይደለም፤ አንዳንዱ። ይዘፍን ነበር?»

«ሰውአገኝ? ሠርግ ላይ እንኳ አጨብጭቦ አያውቅም።»

«እስቲ እንሞክር» ብሎ መምህሩ የአዲስ ዓመት ዘፈን ጀመረ። ድምፁ ሸካራ ነው፣ ዜማውም በየመንገዱ ይወድቅበታል። ሰውአገኝ እስከ ሁለተኛው ስንኝ ታገሠና ፊቱን አዞረ። «ቆይ» አለ።

«እኔም ቆይ ብያለሁ!» አለች እታገኘሁ ከአጥሩ ወዲያ።

መምህሩ ተሸንፎ ሄደ፤ ትንሹን አንጎል ደግማ እንድትሠራለት ወረቀት ላይ በትክክል ስሎ ሰጣት። ግንዱን ግን ከነወፉ ይዞ ሄደ፤ አልመልስም አለ።

ዓርብ ቀን ሙሉ የትነበርሽ አዲሱን ትንሽ አንጎል ስታበጅ ሰውአገኝን ታናግረዋለች። ከስድስት ወር ወዲህ እንደዚያ አውርታ አታውቅም። ክሮቹ እንዴት እንደሚሻገሩ ነገረችው። እሱ ያያታል። ይገባው እንደሆነ ከፊቱ ልታነብ ትሞክራለች፤ ፊቱ ግማሹ ብቻ ነው የሚነበበው።

ቅዳሜ አያ ክንዱ በጠዋት ደረሱ። ልብሱ በአንድ ቦርሳ ገባ። በባጃጅ መናኸሪያ ወረዱ። ለኮላ ድባ አንድ ሚኒባስ ቆሟል፤ ሰውአገኝን ደግፈው በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጡት፣ አያ ክንዱ ጎኑ ተቀመጡ። የትነበርሽ ቦርሳውን ይዛ ከሥር ቆመች። ለምን እንዳላቀበለች ራሷም አላወቀችም።

ጠሪው በድምፅ ማጉያ ነው የሚጠራው። ኮላ ድባ ኮላ ድባ ኮላ ድባ ይላል፣ ስም የሚቆጥር ይመስል። ከዚያ ማጉያው ተንጫጫና ዝም አለ፤ ባትሪው አልቋል። ሰውዬው እየተሳደበ ባትሪ ፍለጋ ሄደ። መኪናው ግማሹ ባዶ ነው። ሹፌሩ መሪው ላይ ክንዱን ጥሎ አዛጋ። መናኸሪያው ለአፍታ ጸጥ አለ፤ ጸጥታውም ላይ አንድ ነገር የጎደለ መሰለ።

ያኔ ነው የትነበርሽ የገባት። በየቀኑ ሲለው የኖረ ነገር። ጸሎት፣ ቆጠራ፣ ብሎ ነበር ልጁ። መናኸሪያን አላሰበም፤ ከየት ያስበዋል። እሷም አላሰበችም፤ እሷ ግን ምክንያት የላትም።

በአደባባይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ሐኪም ፊት እንኳ አልቻለችም። ግራና ቀኝ አየች። በሳል ጉሮሮዋን ጠረገችና፣

«አዘዞ…» አለች። ማንም ዞር አላለም። «አዘዞ! ኮላ ድባ!»

ሰው ዞረ። አንዲት ሙዝ ሻጭ ሳቀች። ሹፌሩ ቀና አለ። አያ ክንዱ በመስኮቱ ብቅ ብለው «ምነው የትነበርሽ! ምን ነክቶሽ ነው?» አሏት። ፊቷ ጋለ፤ ግን አንዴ ወጥቷል። ደገመችው። ኮላን ቆረጠቻት፣ ድባን ደግሞ ወደ ላይ ሳበቻት፤ ጥሪውን ገልብጣ አበላሸችው።

በሩ ላይ የሰውአገኝ ፊት ተጨማደደ። የታመመ ፊት አይደለም፤ የተናደደ ፊት ነው። ምሳውን ትቶ ሲነሣ የነበረው ያ ፊት።

«ቆይ!» አለ። ይሄኛው «ቆይ» እውነትም ቆይ ማለት ነበር።

በግራ እጁ የበሩን ብረት ያዘ። ደረቱ ሞላ። አዘዞን ወረወራት፣ ኮላን ወደ ላይ ሳባት፣ አስረዘማት፣ ድባን ከላይ ጥሎ ሰበራት።

«አዘዞ! ኮላ—ድባ!»

ቃሉ ትንሽ ተልፈሰፈሰ፤ ዜማው ግን ያው ነው። ሙዝ ሻጯ ሳቋን አቆመች። ጫማ ጠራጊዎቹ ተነሡ። ሰውአገኝ ራሱ ከሁሉም በላይ ደንግጦ አፉን በእጁ ነካ፤ ከዚያ ያ ጅራት ብቻውን ተከትሎ መጣ፦

«አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!»

«ስድስት ነው የቀረው ጋሼ!» ብሎ ጮኸ ሹፌሩ፤ ከዚያ ከመኪናው ዘለለ። «ሰውአገኝ ነው! ድምፁን አላወቃችሁም? ሰውአገኝ!»

ሹፌሩ፣ ትኬት ቆራጩ፣ ተሸካሚው ከየአቅጣጫው መጡ። እሱ መጥራቱን አልተወም፤ ቢተወው እንዳይጠፋበት የፈራ ይመስል ደጋገመው። ወደ ሌላ መኪና የሚሄዱ ሰዎች ሳይቀሩ እየሳቁ ገቡ። አያ ክንዱ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፣ ወንድማቸውን በክርናቸው ይጎሽማሉ። «አንተ ጉደኛ! ምነው ይሄን ይዘህ ዝም ብለህ ከረምህ!»

የትነበርሽ ወደ በሩ ተጠጋች። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል። መጥራቱ ልማድ ሊሆን ይችላል፤ እሷን ግን ያውቃታል? «እኔ ማነኝ?» አለችው።

ሰውአገኝ አፉን ከፈተ። «ቆ…» አለ። ራሱን ነቀነቀ፣ ግንባሩ ላበው። ቃሉ ከአፉ አልወጣ አለው። የትነበርሽ በቃል አልረዳችውም፤ ዜማውን ብቻ፣ አፏን ዘግታ፣ በልኩ፣ አሁን ሳታበላሽ አንጎራጎረችለት። ወደ ላይ፤ ከዚያ ወደ ታች።

ዓይኑ በራ። «የት—ነበርሽ!» አለ፤ የትን ወደ ላይ ስቦ፣ ነበርሽን እንደ ድባ መሬት ላይ ጥሎ።

«አያችሁት?» አለች ሙዝ ሻጯ። «ስትጠይቀው መልሶ ይጠይቃታል!»

ሰዉ ሳቀ። የትነበርሽ ግን ስሟ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የእውነት ጥያቄ ሆኖባት ቆመች። «እዚሁ ነበርኩ» አለችው። «እዚሁ፣ ጭቃው ውስጥ።»

አያ ክንዱ ተነሥተው ወንድማቸውን አቀፉና ቀስ አድርገው ከመኪናው አወረዱት። «ይሄስ ልብ ያለው ሰው ነው። ሸጋ ሰው ነው። አንቺው ዘንድ ይሁን» አሉ። «እኔ ስንዴ ይዤ እመለሳለሁ።» ሚኒባሱ በሩን ሊዘጋ ሲል የሰውአገኝ ወንበር ባዶውን ነበር።

«አንድ ሰው የቀረው!» አለ ሰውአገኝ ከሥር ቆሞ። ስንት ዓመት ሲጠራ እውነቱን የተናገረው ያን ቀን ነው ይላሉ የመናኸሪያ ሰዎች።

ከዚያ ወዲህ የትነበርሽ ድካሟ አልቀረም። ባሏን ታጥባለች፣ ጭቃ ትረግጣለች። ሰውአገኝም ሁሉን አልተናገረም፤ ቃል የሚወጣለት ዜማ ላይ ሲሳፈር ብቻ ነው። ውሃ ሲፈልግ በአዲ አርቃይ ጥሪ ይጠራታል፣ ምሳ ሲዘገይ በኮላ ድባ። እታገኘሁ በአጥሩ ላይ ብቅ ትልና «አንቺ፣ ይሄ ቤት መናኸሪያ ሆነ እኮ! ፀጥታው ይሻለን ነበር» ትላለች፤ ማታ ወደ ቤቷ ስትገባ ግን ራሷ ስታንጎራጉረው ይሰማል።

በቀደም መምህር ማንያዘዋል ደወለ። ተማሪዎቹ አንጎሉን ወደዱት፤ ሌሎች መምህራንም አይተው አራት ሙሉ አንጎል ከነትንሹ ከነግንዱ አዘዋል።

«ግንዱን አሁን በትክክል ነው የምሠራው» አለች የትነበርሽ። «ስለህ ላክልኝ። ቅርፊቱ ይቀራል።»

«ቅርፊቱ ይቅር» አለ መምህሩ። «ተማሪዎቹ ግን ወፏ ምን ታደርጋለች ብለው ጠይቀውኛል።»

«ምን አልካቸው?»

«አላውቅም አልኩ። እርስዎን ጠይቄ እመጣለሁ አልኩ።»

የትነበርሽ ወደ በሩ አየች። ሰውአገኝ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ለራሱ መኪና ይጠራል፤ የሚሞላ መኪና በዓይኑ ያየ ይመስላል።

«ትጠራለች በላቸው» አለች፤ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ፣ ከጭቃው ቁራሽ ቆረሰች።